ማርከሻውን ይጠይቁ፤ የባህል ሐኪም ዘንድ ለመጀመርያ ጊዜ ለሚሄዱ

ጉለሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ መድኃኒት ፍለጋ የወጣ ሰው አማራጭ አያጣም። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እዚያው ነው። ከእሱ ብዙም ሳይርቅ የአካባቢው ነዋሪ ዛሬም ድረስ ‹‹ፓስተር›› እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ። ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጡ ከጥበቡና ከነጠላው ገበያ ጎን ኮሶና ቀበሪቾ፣ ጤና አዳምና ዳማከሴ ዘርግተው የሚሸጡ እናቶችን ያገኛሉ። ዳገቱን ሲጨርሱ ደግሞ የእንጦጦ ጸበል ነው። በእነዚህ ሁሉ መካከል በስልክ እንጨት ላይ፣ በቆርቆሮ አጥር ላይ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በቴሌግራም፣ ‹‹መሪጌታ እገሌ፣ የባህል መድኃኒት ዐዋቂ፤ ለስኳር፣ ለኪንታሮት፣ ለጨጓራ፣ ለስንፈተ ወሲብ፣ ለገበያና ለመስተፋቅር›› የሚል ማስታወቂያ ያነባሉ። (የስኳር በሽታንና መስተፋቅርን በአንድ መስመር የሚጽፍ ሰው ዘንድ ለመሄድ ለሚያስቡ ይህ ጽሑፍ ብዙም አይጠቅማቸውም።)

ይህን የምጽፈው ለሌሎቹ ነው። ዲግሪ ያላቸው፣ የደም ግፊት ክኒናቸውን በሰዓቱ የሚውጡ፣ ሐኪማቸውን የሚያከብሩ፣ ነገር ግን ሕመሙ ሲመላለስባቸው ‹‹አንድ አዋቂ አለ›› የተባሉበትን ሰፈር ለማንም ሳይናገሩ ቅዳሜ ጠዋት ለሚፈልጉ። በዓለም የጤና ድርጅትና በመንግሥት ሰነዶች ላይ በተደጋጋሚ የሚጠቀስ አንድ ቁጥር አለ፤ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 80 በመቶ ያህሉ በባህል ሕክምና ይጠቀማል የሚል ነው። በውስጡ እኛም እንዳለንበት መቀበል ይኖርብናል። ስለዚህ ‹‹ይኬዳል ወይስ አይኬድም?›› የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ ልተወው። ጥያቄዬ የሚሄድ ሰው ምን አውቆ ይሂድ የሚል ነው።

የሕግ ሰው ነኝና ከሕጉ ልጀምር። ኢትዮጵያ ውስጥ የባህል ሕክምና በሕግ የተከለከለ ሥራ ሆኖ አያውቅም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው አዋጅ ቁጥር 100 ዘመናዊ ሐኪሞች እንዲመዘገቡ ሲያዝ፣ በአገር ልማድ የሚያክሙትን ግን አልነካም። ያስቀመጠው መመዘኛ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። ሰውየው በዚህ ሙያ የሠለጠነ መሆኑን የሚኖርበት ማኅበረሰብ የሚያውቅለት መሆን አለበት፤ ለሕይወት አደገኛ የሆነውን ሕክምና ደግሞ ከራሱ ማኅበረሰብ ውጭ እንዲሰጥ አልተፈቀደለትም። የሕጉ አርቃቂ በአእምሮው የነበረችው መንደር ናት። በመንደር ውስጥ ሥር ማሹ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከማን እንደተማረ፣ ባለፈው ክረምት መድኃኒቱን የጠጣው ሰው ድኖ እንደሆነ ወይም ቀብሩ ላይ ተገኝተው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ፈቃዱ ይኸው ዕውቀት ነበር። ቢያጠፋ መድረሻ የለውም።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ጉለሌ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚሠራው ሰው ከየት እንደመጣ አከራዩም ላያውቅ ይችላል። ከእርስዎ በፊት በር ላይ ተሰልፎ ያገኙት ሰው ከአያት ወይም ከቃሊቲ የመጣ ነው፤ ቢድንም ባይድንም ተመልሶ አይነግርዎትም። ስለዚህ መንደሩ ይሠራው የነበረውን የማጣራት ሥራ አዲሱ ታካሚ ብቻውን መሥራት ይኖርበታል። አዲስ ታካሚ ማለት የሐኪሙን አያት የማያውቅ ሰው ማለት ነው ብንል አንሳሳትም።

መንግሥትም ይህን ክፍተት በወረቀት ለመሙላት ሞክሯል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የሽግግር መንግሥቱ የጤና ፖሊሲ ለባህል ሕክምና ጠቃሚ ጎን ትኩረት እንደሚሰጥ ገለጸ። አዋጅ ቁጥር 661/2002 የባህል ሐኪሙን በምዝገባና በሥራ ፈቃድ ሥርዓት ውስጥ አስገባው። በ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት ቁጥጥሩን እንደገና ያደራጀው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ የባህል መድኃኒትንም ይመለከታል። በከተማችን ጉዳዩ የሚቀርብለት መሥሪያ ቤት የአዲስ አበባ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

ታዲያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ቀረብ ብለው ያንብቡት። ብዙ ጊዜ የሚሰቀለው የንግድ ፈቃድ ነው፤ ይህ ሰውየው ግብር ለመክፈል የተመዘገበ መሆኑን እንጂ ማከም መቻሉን አያሳይም። የማኅበር አባልነት መታወቂያም እንደዚያው ነው፤ መዋጮ የከፈለ ሁሉ ያገኘዋል። ሦስተኛው የላቦራቶሪ ውጤት ነው። ይህ ከበድ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን የተመረመረው ያን ቀን የቀረበው ናሙና እንጂ ዛሬ በእጅዎ ያለው ጠርሙስ አይደለም። የሚፈልጉት የጤና ተቆጣጣሪው አካል በሰውየው ስም የሰጠው የሙያ ሥራ ፈቃድ ነው። ይህን የያዘ ሰው ብዙ አያገኙም። የሌለው ሁሉ አጭበርባሪ ነው አልልም፤ ሆኖም የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 535 ሳይፈቀድለት በሽተኛ ማከምን ሥራዬ ብሎ የያዘን ሰው እንደሚቀጣ ማወቁ አይከፋም።

ውጭ አገር ለኖሩ ወይም ዘመድ ላላቸው አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በአሜሪካና በካናዳ ‹‹ናቹሮፓቲክ ዶክተር›› የሚባል ሙያ አለ። በአሜሪካ ግማሽ ያህሉ ግዛቶች ለእነዚህ ሰዎች ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ፈቃዱን ለማግኘት ዕውቅና ባለው ኮሌጅ አራት ዓመት ተምሮ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። በተቀሩት ግዛቶች ግን በተልእኮ ትምህርት ጥቂት ወራት የተማረ ሰውም ራሱን በተመሳሳይ ስም ሲጠራ ይገኛል። ስለዚህ እዚህ በር ላይ ‹‹ዶ/ር›› የሚል ታፔላ ካዩ ዶክተርነቱ የምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነውር የለበትም። የሕክምና ዶክተር ሲጠየቅ አይቆጣም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የባህል ሕክምናችን ትልቁ ችግር መርዛማነቱ ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን ትልቁ ችግር ምስጢርነቱ ነው ባይ ነኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤቴን ይዤ ጉለሌ ወደሚገኙ አንድ አዛውንት መድኃኒት ዐዋቂ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሰውየው ትሑትና ንጹሕ ናቸው፤ ክፍያቸውም የሚያስቆጣ አልነበረም። የተደቆሰውን ነገር በወረቀት ጠቅልለው ሲሰጧት ‹‹አባቴ፣ ስሙን ቢነግሩን?›› አልኳቸው። ‹‹ልጄ፣ ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይሄዳል›› አሉኝ። ይህን መልስ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዕውቀቱ ከአባት ለተመረጠ አንድ ልጅ ብቻ ይተላለፋል፤ ቅጠሉ የሚቆረጠው ሰው በማያይበት ሰዓት ነው፤ ስሙ ለታካሚ አይነገርም።

ምስጢሩን የሚጠብቁት በእምነት ብቻ ሳይሆን በጥቅምም ነው፤ በዚህም አልፈርድባቸውም። እንዶድን እንውሰድ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው የቢልሃርዚያ መከላከያ ምርምር መነሻ ሆነ። በኋላ ግን አሜሪካ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውኃ ቧንቧ የሚዘጋ ሌላ ዛጎል ለበስ እንስሳ ለማጥፋት በሚውልበት አጠቃቀም ላይ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በጤፍ ላይ ከኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የነበረውንም ሁላችን እናስታውሰዋለን፤ የዚያ አገር ፍርድ ቤት የፈጠራ መብቱን ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ቢኖረንም ጉለሌ ያሉት አዛውንት በዚህ አዋጅ ተማምነው አፋቸውን እንዲከፍቱ አልጠብቅም።

ይሁንና የምስጢሩን ዋጋ የሚከፍለው ታካሚው ነው። አንድ ሰው የጠጣው ነገር አልስማማው ብሎ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ተረኛው ሐኪም መጀመርያ የሚጠይቀው ‹‹ምን ወሰደ?›› ብሎ ነው። ቤተሰቡ ‹‹የባህል መድኃኒት›› ይላል። ይህ ደግሞ ለሐኪሙ ምንም ማለት አይደለም፤ የኮሶ መመረዝና የአጤፋሪስ መመረዝ አንድ ዓይነት ሕክምና የላቸውም። ኮሶ ከልኩ ሲያልፍ ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። አጤፋሪስ ደግሞ፣ አንዳንዱ አስታንግር የሚለው፣ አእምሮን ያቃዣል፣ የዓይን ብሌንን ያሰፋል፣ የልብ ምትን ያፈጥናል። አንድ ተክል በሁለት ስም ይጠራል፤ ሁለት ተክሎችም በአንድ ስም ይጠራሉ።

የስም መምታታት ምን እንደሚያደርስ ዓለም ያወቀው በብራስልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመርያ በአንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ ለሴቶች ይሰጥ በነበረ ዕፀ መድኃኒት ውስጥ ስቴፋኒያ የተባለው የቻይና ተክል መግባት ሲገባው፣ በቻይንኛ ስሙ የሚቀራረብ አሪስቶሎኪያ የሚባል ሌላ ተክል ገባ። ከ100 በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹ እጥበትና ንቅለ ተከላ አስፈለጋቸው፤ የሽንት ቧንቧ ካንሰር የያዛቸውም ነበሩ። ይህ የሆነው በአውሮፓ ከተማ፣ በሐኪሞች እጅ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ውስጥ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ቢደረግም፣ ወረፋውንና ወጪውን የሚያውቅ ሰው ኩላሊቱን በማያውቀው ዱቄት አይፈትንም።

ሰውየው ስሙን እምቢ ካሉዎት ምን ያደርጋሉ? ከተሰጥዎት መድኃኒት አንድ ማንኪያ ያህል፣ ቅጠል ወይም ሥር ከሆነም ቁራጩን፣ ቀኑን ጽፈው በንጹሕ ወረቀት ያስቀምጡ። ለቤተሰብዎ የት እንዳለ ይንገሩ። አንድ ነገር ቢፈጠር ከታማሚው ጋር ሆስፒታል ይሄዳል። አራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ተክልን ከነቅጠሉና ከነአበባው ካገኘ ማንነቱን መለየት የሚችሉ ባለሙያዎች አሉት፤ የተደቆሰ ነገር ግን ለእነርሱም ከባድ ነው። ስለዚህ ከመደቆሱ በፊት ልየው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመርያውን ያህል አያስቆጣም፤ እንዲያውም ያስደስታቸዋል። ማርከሻው ምንድን ነው? የባህል ሕክምናችን የራሱ ሥርዓት አለው። በቆዩት የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥም ሆነ በቃል በሚተላለፈው ዕውቀት መድኃኒቱ ከመጠን አልፎ ሲያስቸግር የሚያበርደው ነገር አብሮ ይነገራል። ወተት፣ እርጎ፣ ማር፣ ተልባ፣ አብሽ ይሆናል። ሙያውን በወግ የተማረ ሰው ልኩን፣ ሰዓቱን፣ ከምን ጋር እንደማይወሰድና ማርከሻውን ያውቃል። ከላይ ያነሳኋቸው አዛውንት ስሙን ነፍገውን ማርከሻውን ግን ሳይጠየቁ ጭምር ነገሩን፤ ‹‹ሆዷን ከሦስት ጊዜ በላይ ከሄደባት እርጎ ትጠጣ፣ ካልቆመላት ግን እኔን አትጠብቅ፣ ሐኪም ቤት ውሰዳት›› አሉኝ። እኔም ለሙያቸው ያለኝ አክብሮት የጨመረው ያኔ ነው። ‹‹ይህ መድኃኒት ጉዳት የለውም፣ የተፈጥሮ ነው፣ የፈለጉትን ያህል ይጠጡ›› የሚል ሰው ግን በዘመናዊውም በባህሉም ሚዛን ያልተማረ ነው። ቅንጭብም የተፈጥሮ ነው። (እርጎው በመርዝ ለተጎዳ ሰው ሕክምና እንዳልሆነ ግን አደራ። የሚያቃዠው፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ማርከሻ እየጠጣ ቤት መዋል የለበትም።)

መጠየቅ ብቻ ሳይሆን መናገርም አለ። አብዛኛው ሰው ለባህል ሐኪሙ የሚወስደውን ክኒን አይነግርም፤ ለሆስፒታል ሐኪሙ ደግሞ የጠጣውን ሥር ይደብቃል። ሁለቱ መድኃኒቶች ግን ሆድ ውስጥ ይገናኛሉ። አብሽና ጥቁር አዝሙድ የደም ስኳርን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ኢንሱሊን በሚወጋ ሰው ላይ ሲደረቡ ስኳሩ በአንድ ጊዜ ወርዶ ራሱን ሊያስተው ይችላል። ነጭ ሽንኩርት በወጥ ውስጥ ችግር የለውም፤ በመድኃኒት መልክ በብዛት ሲወሰድ ግን የልብ በሽተኞች ከሚወስዱት የደም ማቅጠኛ ጋር ተደምሮ ደም መፍሰስ ያመጣል። ቡናችን ላይ የምናደርጋት ጤና አዳም እንኳ ተጨምቃ በብዛት ስትጠጣ ለነፍሰ ጡር ሴት አደገኛ ናት። በስንፈተ ወሲብ ስም በሚሸጡ ‹‹የዕፅዋት›› እንክብሎች ውስጥ ደግሞ የቪያግራው ንጥረ ነገር ተደባልቆ በተለያዩ አገሮች በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ናይትሬት የሚባለውን የልብ መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ይህ ሊገድል ይችላል። መድኃኒቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ‹‹ተአምር›› ከሠራ መጠርጠር ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን መደባለቁ ሳይሆን ማቆሙ ነው። የእንጦጦ ጸበል ታሪክ ይህን ያሳየናል። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነጻ መሰጠት በጀመረባቸው ዓመታት ጸበል የገቡ ብዙ ሰዎች ‹‹እምነትህ ጎደለ›› እንዳይባሉ ክኒናቸውን ጣሉ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸው ብዙ ሕይወት አትርፏል ብዬ አምናለሁ። ይህንኑ መለኪያ ለባህል ሐኪሙም ያውሉት። ‹‹የእኔ እንዲሠራ የሐኪሙን አቁም›› ካለዎት ቦርሳዎን አንስተው ይውጡ።

ጨርሶ የማይኬድባቸው በሽታዎችም አሉ። አንዱ የእብድ ውሻ ንክሻ ነው፤ ለጉለሌ ደግሞ ይህ ልዩ ትርጉም አለው። ፓስተር ግቢ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሲመረት ኖሯል። ሆኖም ከዚያው ግቢ አጥር ባሻገር ‹‹የእብድ ውሻ መድኃኒት›› የሚሰጥ አይጠፋም፤ ‹‹ስንቱን አድኛለሁ›› ሲልም ከልቡ ነው። የነከሰው ውሻ ሁሉ ግን ያበደ አይደለም፤ ያበደ ውሻ የነከሰው ሰውም ሁሉ አይታመምም። ባይታከሙም የማይታመሙት ሰዎች ሁሉ በመድኃኒተኛው ደብተር ላይ ‹‹የዳኑ›› ተብለው ይቆጠራሉ። የታመመው ደግሞ ምልክቱ የሚወጣበት ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ስለሆነ መድኃኒተኛው ላይሰማ ይችላል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ሞት የማይቀር ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ዕለት ለክትባት መሄድ ነው፤ ሌላ አማራጭ የለም።

ወጌሻን በተመለከተ ለወለምታ ብዙዎቻችን ባለውለታቸው ነን። አጥንት ከተሰበረ ግን ራጅ ሳይነሱ አይታሰሩ። ሸንበቆው ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከቀዘቀዙ እስከ ጠዋት አይጠበቅም፤ ይፈታል። ጠብቆ የታሰረ እጅና እግር ሞቶ ሆስፒታል ላይ የሚቆረጥበት ጊዜ አለ። ሕፃን ደግሞ እንጥል ለማስቆረጥ ወይም የወተት ጥርስ ለማስነቀል ወደማንም አይወሰድም፤ የወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 561 ጀምሮ እነዚህን የመሰሉ ድርጊቶች ወንጀል ያደርጋል።

በመጨረሻ ገንዘቡ። ‹‹ካልዳኑ ገንዘብዎን እመልሳለሁ›› የሚል ቃል የማይሰማበት ቤት ጥቂት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2647 ሐኪም በጽሑፍ ግልጽ ግዴታ ካልገባ በቀር ማዳኑን ዋስትና እንደሰጠ አይቆጠርም ይላል። ይህ ድንጋጌ የተጻፈው ሆስፒታል ላለው ሐኪም ቢሆንም ትምህርቱ ለሁሉም ይሠራል። ስለዚህ የሚምልልዎትን ሰው ‹‹እንግዲያውስ ይጻፉልኝ›› ይበሉት። የሚጽፍ ካገኙ ይንገሩኝ። ጥፋት ሲደርስ ግን ሰውየው ‹‹እኔ ዶክተር አይደለሁም›› በማለት አያመልጥም። አንቀጽ 2031 ማንኛውንም የሙያ ሥራ የሚሠራ ሰው የሥራውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድደዋል፤ በግልጽ ግዴታውን ባለማወቅ ላደረሰውም ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ለዚህም ነው ማርከሻውን መጠየቁ ለሕግም የሚጠቅመው፤ የዚህ ሙያ ደንብ ምን እንደሆነ ዳኛ ፊት ከሚያስረዱት ጥቂት ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

ማስረጃ የሌለው መብት ግን ፍርድ ቤት አይደርስም። ደረሰኝ የሚሰጥ ቤት ብዙ ስለማያገኙ ክፍያውን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በቴሌብር ወይም በባንክ ያድርጉት፤ ቀኑም፣ መጠኑም፣ የተቀባዩም ስም ይመዘገባል። አወሳሰዱን በጽሑፍ መልእክት እንዲልኩልዎት ይጠይቁ፤ ‹‹በባዶ ሆድ አንድ ስኒ፣ ለሦስት ቀን›› የሚል አጭር መልእክት ከሦስት ምስክር ይሻላል። ቅሬታ ካለዎት በክፍለ ከተማው ላለው የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አቅርበው የተቀበሉበትን ማኅተም ይያዙ። የጉዳት ካሣ ክስ ከውል ውጭ በሆነ ኃላፊነት ከሆነ የሚቀርበው፣ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ‹‹ሽማግሌ እየያዝነው ነው›› እየተባለ የሚያልፈው ጊዜም ይቆጠራል።